የአባቴ ቅዳሜ

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ የአባቴ ነበር። ሌላውን ቀን አዳማ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ይወስደኝና እሑድ ከሰዓት ይመልሰኛል። ወላጆቼ ሲፋቱ እንዲህ እንዲሆን የወሰነው ፍርድ ቤት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ከነቦርሳዬ በር ላይ ታቆመኛለች፤ አባቴ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ይጠራኛል።

አባቴ ወንጂ ሸንኮራ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ ነበር። ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ከቤቱ ጀርባ ቦይ ዳር ተቀምጠን ሸንኮራ ይልጥልኛል፤ እኔም እየመጠጥኩ የሳምንቱን የትምህርት ቤት ወሬ እዘረግፍለታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ግን ቀረ። እስከ አምስት ሰዓት ቆሜ ጠበቅኩት። እናቴ "በቃ ግቢ" ትለኛለች ብዬ ስፈራ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ሚኒባስ ተሳፍረን ወንጂ ሄድን።

አባቴን ወባ ጥሎት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ አገኘነው። እናቴን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ።

"ይዘሻት ተመለሺ፤ ዛሬ ላጫውታት አልችልም" አላት።

"ቀኑ ያንተ ነው" አለችው። "ስትጠብቅህ ነው ያረፈደችው። ሐኪም አይቶሃል?"

"መድኃኒት ሰጥተውኛል።"

አጥሚት ሠራችለት። ጨርቅ ውኃ ነክራ ግንባሩ ላይ እንዴት እንደማደርግ አሳየችኝና እሷ ደጅ ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከሰዓቱን ሙሉ እዚያው ዋለች። እኔ ጨርቁን እየቀየርኩ "ታረቁ ማለት ነው" እያልኩ ልቤ ይዘላል።

አልታረቁም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዛኝ ተመለሰች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አባቴ መንገዱን ተሻግሮ በራችን ድረስ መጣ፤ አንገቱን ደፍቶ "እግዜር ይስጥልኝ" አላት። ከዚያ በኋላ ከማዶ ጠርቶኝ አያውቅም።

ያኔ በአንድ ቤት ከእናት ከአባታቸው ጋር በሚያድሩ ልጆች እቀና ነበር። ዛሬ ቢሾፍቱ ብቻዬን እኖራለሁ፤ አባቴም ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ቀኖቼ ሁሉ የራሴ ናቸው፤ ማንም አይሻማባቸውም። ያንን ሽሚያ እንዲህ እናፍቀዋለሁ ብዬ መች አስቤ!

በቅርቡ እናቴን ያን ቀን ወንጂ ድረስ ለምን እንደወሰደችኝ ጠየቅኋት።

"የተፋታሁት እኔ ነኝ" አለችኝ። "አንቺ አባትሽን አልፈታሽም።"

ምነው ይህን አባቴ በሰማው ኖሮ።