ሞተሬን የቀደመች ፍየል

ዛሬ ወደ ሰንበቴ ገበያ ስንሄድ ዳገቱ ላይ ፍየል ቀደመችኝ። እኔ በሞተር ነበርኩ።

ጎረቤቴን አባ ሁሴንን ከነፍየላቸው ገበያው ሳይበተን ላደርሳቸው ቃል ገብቻለሁ። ሞተሩ ይጮሃል፣ አይሄድም። ወርደው ፍየሏን እየጎተቱ አለፉኝ።

«አንተ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ምኑን ነካካኸው?»

«የፍሪሲዮኑን ገመድ ትናንት በገዛ እጄ ክርር አድርጌ አጠበቅኩት።» (መካኒክ ለሌላ ሰው ነው። እኔ ማታ ተምሬ ፊደል የጨረስኩ ሰው ነኝ።)

«በቅሎ ልጓሟን ወጥረህ ብትገርፋት ትሄዳለች? ላላ አድርግላት እንጂ!»

የገመዱን ብሎን አላላሁት። የፍሪሲዮኑ እጀታ ትንሽ ሲላላ የሞተሩ ጉልበት ጎማው ላይ ደረሰ፤ ዳገቱን ወጣን።

ገበያ ላይ አባ ሁሴን «ሞተር የቀደመች ፍየል!» እያሉ ከሁሉም በፊት ሸጧት። ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ።

እናንተንስ በሞተር ላይ ሆናችሁ ምን ቀድሟችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፣ አሁን ማንበብ እችላለሁ።