አራስ ቤት የሰቀልኩት ቢጫ መብራት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኦቦ ዳባ መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ቀጥለው ግድግዳ የተደገፈውን መሰላል። አምቦ ውስጥ የመብራት ዕቃ ሱቅ ያላቸው፣ የቤት ውስጥ መስመርም የሚዘረጉ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው። እኔ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገና መመረቄ ነበር። ካቻቢቴና ፒንሳዬን በቦርሳ ይዣለሁ።

«ከፍታ ትፈሪያለሽ?» አሉኝ።

«አልፈራም።»

«እኔ እፈራለሁ። እንግዲያው አንቺ ትወጫለሽ።» ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

በዚያው ቀን ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ አዲስ ቤት ሄድን። ባለቤቱ ሲያየኝ «ጽዳቱ ለነገ ይቆይ፣ ልጄ» አለኝ። መሰላሉን ዘርግቼ ወጣሁ። ስወርድ ሳሎኑ በርቷል። «እንዴ፣ መብራት ሠራተኛዋ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለ። ማን መስሎት እንደነበር ጠየቅኩትና ሳቅን።

ኦቦ ዳባ ያስተማሩኝ የመጀመሪያ ነገር ክብደት ነው። ትልቅ የሳሎን መብራት ኮርኒስ ላይ አይሰቀልም። ከኮርኒሱ በላይ ካለው ወራጅ እንጨት ላይ መንጠቆ ይመታለታል። መንጠቆውን ከመቱ በኋላ ሩብ ኩንታል ጤፍ አንጠልጥለውበት ምሳ ይሄዳሉ። ተመልሰን ስንመጣ ጤፉ እንደተንጠለጠለ ከሆነ መብራቱ ይሰቀላል። ጉደር አንድ ቤት ጤፉ ወለሉ ላይ ተበትኖ ጠበቀን። ባለቤቷ ልትቆጣ ስትል «ይሄ በእንግዳሽ ራስ ላይ ቢወርድስ?» አሏት፤ መጥረጊያ ይዛ መጣች።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሰዉ መብራት የሚገዛው ለእንግዳ ነው። ሳሎኑ አሥራ ሁለት አምፖል ይንጠለጠልበታል፤ በዓል ካልሆነ አይበራም። ቀኑን ሙሉ ሰው የሚሠራበት ማድ ቤት ግን በገመድ የተንጠለጠለ አንድ አምፖል ይበቃዋል ይባላል። እሱም ከጀርባ ነው የሚሰቀለው፤ ሴትየዋ ሽንኩርት የምትከትፈው በራሷ ጥላ ላይ ነው። ይህን ስናገር አፌ አያርፍም። ኦቦ ዳባ «ወይንሸት ሰበካ ጀመረች» ይሉኛል።

ሦስት አራት ዓመት ስሠራ ግን እኔም ልክፍት ያዘኝ። የጂብሰም ኮርኒስ ወደ ከተሞቻችን ገባ፣ በውስጡ የሚቀበሩት ትንንሽ ስፖት መብራቶችም አብረው መጡ። ለእነሱ ሁለት ዓይነት ብርሃን አለ፤ ነጭና ቢጫ። ሰው ሁሉ ነጭ ይላል፣ ይደምቃላ። እኔ ደግሞ ለመኝታ ቤት ቢጫ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ቢጫ ያሳርፋል፣ ግድግዳውን ያሞቀዋል፣ እውነት ነው። ሰው ማሳመንም እችልበታለሁ፤ በዚህ ጉዳይ የረታኝ ደንበኛ አልነበረም።

ጊንጪ ላይ መምህር ተስፋዬና ባለቤቱ ሰናይት ቤት ሠሩ። ሰናይት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። መኝታ ቤቱ ጋ ስንደርስ ተስፋዬ «እዚህ ነጭ ይሁን» አለ።

«መኝታ ቤት ነው እኮ፣ ክሊኒክ አይደለም» አልኩት።

«ቢሆንም ነጭ ይሻለኛል።»

ቢጫዋን አብርቼ አሳየኋቸው። ሰናይት መስታወት ውስጥ ራሷን አይታ ፈገግ አለች። «አየህ፣ በዚህ መብራት የታመመ ሰው እንኳ ያምራል» አልኩት። እጁን አወናጭፎ ተወው። አራት ቢጫ ስፖት ቀበርኩና ሂሳቤን ተቀብዬ፣ በራሴ ኮርቼ ወደ አምቦ ተመለስኩ።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ተስፋዬ ደወለ። የመኝታ ቤቱ መብራት ይርገበገባል። «ሰናይት ወልዳለች። አማቴ ወንድ ሠራተኛ አራስ ቤት አይገባም ብለዋል፤ ራስሽ ነይ» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

የሰናይት እናት አዴ ጫልቱ በር ላይ ተቀበሉኝ። «አካም ጅርታ» ተባብለን ልገባ ስል አስቆሙኝ። «ኢንታሎ፣ ልጄ፣ ከፀሐይ መጥተሽ ወዲያው አራስ ላይ አትገቢም። ጥላ ሥር ተቀመጪ፣ ላብሽ ይድረቅ።» ተቀመጥኩ። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ክፍሉ ቀን መሆኑ አይታወቅም። ምች እንዳይመታቸው መስኮቱ ተዘግቶ ወፍራም መጋረጃ ወርዶበታል። ያለው ብርሃን የእኔ አራት ቢጫ መብራት ብቻ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት ሰናይትን። ልጁ አጠገቧ ተኝቷል፤ አራተኛ ቀኑ ነው።

«ያስቸግራል?» አልኳት።

«ኧረ ምንም። እንቅልፋም ነው። ለጡት እንኳ እየቀሰቀስነው ነው፣ ትንሽ ይስብና መልሶ ይተኛል።»

አዴ ጫልቱ ደስ ብሏቸው ጨመሩ፦ «ደግሞ ቀይ ሆኖ ወጣልን። ስንወለድ እኛ እንዲህ አልነበርንም። አባቴን ነው የመሰለው።»

እኔም «ታድሎ» ብዬ መሰላሌን ዘረጋሁ። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ በእጅ ባትሪ ወደ ላይ እያበራሁ አራቱንም ስፖት አወረድኩ። የሽቦው መጋጠሚያ ላልቶ ነበር፤ አጠበቅኩት። መስመሩ ደህና መሆኑን ለማየት ሁልጊዜ ቦርሳዬ የማትለየውን መሞከሪያ አምፖል አገናኘሁና «አዴ፣ ያብሩልኝ» አልኩ። መሞከሪያዬ ነጭ ናት።

ሲበራ ቁልቁል አየሁ። ሰናይት የለበሰችው ነጠላ ነጭ ነው። የልጁ ፊት እርድ የተቀባ ይመስላል።

መሰላሉ ላይ እንዳለሁ ቆየሁ። አራስ ቤት ገብቶ «ልጁ ምን ሆኗል?» የሚል ሰው በእኛ አገር ስሙ አያምርም፣ ዓይነ ናስ ይባላል። ደግሞ እኔ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ነርስ አይደለሁም። ዝም ብዬ ሥራዬን ጨርሼ ልሂድ የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል፤ አልዋሽም።

ወረድኩና «ሰናይት፣ እስቲ ዓይኑን ግለጪው» አልኳት። ቀስ ብላ ሽፋኑን ሳብ አደረገችው። ነጩ ቢጫ ነው።

«ምን እያልሽ ነው?» አሉ አዴ ጫልቱ። «ልጁ ምንም አልሆነም። መብራትሽ ነው እንዲህ ያደረገው።»

«አዎ፣ መብራቴ ነው» አልኳቸው። «ያኛው ቢጫ መብራቴ ነው እስከ ዛሬ የደበቀው። ነጠላዎን ፊቱ አጠገብ ያድርጉት።»

አደረጉት። ነጠላው ነጭ ነው። መብራቱን አስጠፍቼ እንደገና መሰላሉ ላይ ወጣሁ፤ ነጯን አወረድኳትና በቦታዋ አንድ ቢጫ ስፖት አገናኘሁ። በቢጫው ሥር ነጠላውም ልጁም፣ የእኔም እጅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ። እንደገና ነጯን አበራሁ። አዴ ጫልቱ ነጠላውን ይዘው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ወይኔ፣ ቀይ ነው ስል» አሉ።

ሰናይት ማልቀስ ጀመረች። ተስፋዬን ከትምህርት ቤት በስልክ ጠራነው። አዴ ጫልቱ ምች ምናምን ሳይሉ ልጁን ራሳቸው ጠቅልለው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ጤና ጣቢያው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ላካቸው።

በሁለተኛው ቀን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ልጁ ዓይኑ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ራቁቱን፣ ሰማያዊ መብራት ሥር ተኝቷል። እንዲህ ያለ መብራት አይቼ አላውቅም። ነርሷን ጠየቅኳት፤ ቢጫውን ከደሙ የሚያወጣለት ይኸው ብርሃን ነው አለችኝ። «ብትዘገዩ ኖሮ አንጎሉን ይነካው ነበር» አለች። 

ተስፋዬ ኮሪደር ላይ ነበር። «ነጭ ይሁን ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

«ተይው። መጋረጃውን የዘጋነው እኛ ነን» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። አልተጽናናሁም።

አምቦ ተመልሼ ለኦቦ ዳባ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽቦ እየጠቀለሉ ነበር፤ አላቋረጡኝም። ስጨርስ «ሰውየው ነጭ ሲልሽ ለምን እንደሆነ ጠየቅሽው?» አሉ።

«አልጠየቅኩትም።»

«በቃ፣ ጥፋትሽ እሷ ናት» አሉና ወደ ሽቦአቸው ተመለሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጁ በሳምንቱ ወጣ። ጊንጪ ሄጄ መኝታ ቤቱን ያለ ክፍያ እንደገና ሠራሁት። ሁለቱ ስፖት ቢጫ፣ ሁለቱ ነጭ፣ ለየብቻ ማብሪያ ማጥፊያ። ያኔ ተስፋዬን ለምን ነጭ እንደፈለገ ጠየቅኩት። «ሕፃን ሊመጣ ነው፣ በደንብ ላየው ብዬ ነበር» አለኝ። አዴ ጫልቱ ነጩን አብርተው፣ አጥፍተው፣ እንደገና አብርተው ሞከሩት። ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝ።

ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። ቀይ አይደለም፤ እንደ እናቱ ጠይም ነው።

ዛሬ የራሴ ሱቅ አለኝ። መኝታ ቤት ስሠራ ሁለት መስመር እዘረጋለሁ፣ አንዱ ለማረፊያ፣ አንዱ ለማያ። ያላገቡ ወንዶች «ሁለተኛው ማብሪያ ለምንድን ነው?» ይሉኛል። ለአራስ ነው ስላቸው ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

መብራት ስትመርጡ ስለ ውበት ከማውራታችሁ በፊት በዚያ ክፍል ምን መታየት እንዳለበት ጠይቁ። ባለቤቱ ሲነግራችሁ ደግሞ ስሙት።