በአጭሩ ያልተነበበ ውል

የፍሬሽማን ዓመቴ የመጀመሪያ መንፈቅ ሲያልቅ እረፍቴን ያሳለፍኩት አክስቴ ቢሮ ነበር። አክስቴ ቤት አስተዳዳሪ ናት። ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ከአንድ ካፌ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የሰው ቤት ታከራያለች፤ ቧንቧ ሲፈነዳ ሠራተኛ ትልካለች፣ አከራይና ተከራይ ሲኳረፉ ታስታርቃለች።

የእኔ ሥራ የሕግ ወረቀቶች የሚሰኩበት ክላሰር ነበር። በዚያን ሰሞን የኪራይ ሕግ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጥ ነበር። ቀደም ሲል ኪራይ መጨመርም ተከራይ ማስወጣትም ለጥቂት ወራት ተከልክሎ፣ ወራቱ ሲያልቁ ሲራዘም፣ እንደገና ሲራዘም ቆይቷል። ከዚያ አዋጅ መጣ፤ ከአዋጁ በኋላ መመሪያ፤ ከመመሪያው በኋላ በየወረዳው በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ። አክስቴ ዜናውን የምትሰማው ታክሲ ውስጥ ነው፤ ግማሹን ሰምታ ትወርዳለች። ስለዚህ የወጣውን ሁሉ አትሜ፣ የተሻረውን በእርሳስ ሰርዤ፣ በየተራው እሰካ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የሕግ ትምህርት ክፍል እንዲደርሰኝ እመኝ ስለነበር ሥራው ፈተና ይመስለኝ ነበር። አክስቴ «ጠበቃዬ» ትለኛለች። እያሾፈች እንደሆነ ባውቅም ደስ ይለኝ ነበር።

ከአዲሱ አዋጅ ለእኛ ትልቁ ነገር የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቀርቦ ይመዝገብ የሚለው ነበር። ሌሎቹ ቤቶች ድሮም ውል ስለነበራቸው አዲሱን ፎርም መሙላት ብቻ ነበር የቀረን። ምንም ወረቀት ያልነበረው ጎሮ ያለው የእማማ ግቢ ብቻ ነው።

እማማ ሰፈሩ ፎቅ ሳይበቅልበት እዚያው ያርሱ ከነበሩ ቤተሰቦች ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛም ቀስ እያሉ ይናገራሉ። ማንበብ ግን አይችሉም። በሩ አጠገብ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አንዲት ልብስ ሰፊ ተከራይታ ከልጇ ጋር ስድስት ዓመት ኖራባቸዋለች፤ በቃል ብቻ። አክስቴም የጽሑፍ ውክልና ስትጠይቃቸው «አፍሽ አይበቃም?» ብለዋታል።

ክላሰሬን ይዤ ስሄድ እማማ በረንዳው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር።

«እማማ፣ አዲስ ሕግ ወጥቷል» አልኳቸው። «ብዙ አያሳስብም። በአጭሩ ውል ይጻፋል፣ እርስዎ በጣትዎ ይፈርማሉ፣ ወረዳ ይመዘገባል። አለቀ።»

ምስሩን መልቀም አቆሙ።

«በአጭሩ» አሉ። «ያን ጊዜም በአጭሩ ነው የነገሩኝ።»

«መቼ፣ እማማ?»

ከአጥሩ ማዶ ያለውን ፎቅ በአገጫቸው አሳዩኝ። «እዚያ ጤፍ እናጭድ ነበር። አንድ ልጅ ወረቀት ይዞ መጣ። ክፉ አልነበረም፤ እንዳንቺ ጨዋ ነው። በአጭሩ ነገረኝና ጣቴን አሳረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ጣቴ ወረቀት አይነካም።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የረዳሁ መስሎኝ የቅጣቱን አንቀጽ ገልጬ፣ ሳይመዘገብ ቢቀር የሚመጣውን ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ቤቱ ይለቀቅ» አሉ። «ባዶ ቤት አይመዘገብም።»

በልብስ ሰፊዋ መስኮት በኩል ይሰማ የነበረው የስፌት መኪና ቀጥ አለ።

አክስቴ ስነግራት ፈገግ አለች። «ማስወጣትማ አይችሉም፤ ሕጉ ከልክሏል። ልብስ ሰፊዋን አትስጊ በያት።»

በማግስቱ ሄጄ አልኳት። ቁራጭ ወረቀቶች ላይ የስልክ ቁጥሯን እየጻፈች ነበር፤ ስትለቅ ለደንበኞቿ የምታድለው ነው። በሩን ለምዶ የሚመጣ ደንበኛ ሌላ ሰፈር ድረስ እንደማይከተላት ታውቃለች።

«እህቴ፣ ሕጉ አትወጪም ይለኛል» አለች። «እማማ ደግሞ ልቀቂ ይላሉ። በሰው ግቢ በሕግ ተጣብቄ ልኑር? ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ ምን ብዬ ሰላም ልበላቸው?»

ለዚህ የሚሆን አንቀጽ ክላሰሬ ውስጥ አልነበረም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ግን በአንድ ነገር አፈርኩ፤ እማማ ሕጉ ምን እንደሚል ገና አልሰሙም። የሰሙት እኔ የመረጥኩላቸውን ሁለት ነገር ነው፤ ጣትና ቅጣት።

«ሁሉንም ላነብላቸው ነው» አልኳት አክስቴን።

«ያን ሁሉ ገጽ? የመንግሥት አማርኛ እኮ ነው፤ እኔንም ያስተኛኛል።»

እውነቷን ነበር። በረንዳው ላይ ማንበብ ስጀምር ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እማማ አስቆሙኝ። «ይሄ አማርኛ ነው?» አሉኝ።

ልብስ ሰፊዋ ጠርዙን የምትሰፋውን ቀሚስ እንደያዘች ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ወደ ኦሮምኛ ትመልሳለች። ቋንቋውን ያስተማሯት እማማ ራሳቸው ናቸው፤ ስትሳሳት «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንደሱ አይባልም» እያሉ ያርሟታል። የተከራይ ግዴታ ጋ ስንደርስ፣ የምትተረጉመው የራሷን ነውና፣ ድምፄ ቀነሰ። ኪራይ በጊዜው መክፈል፣ ቤቱን በአግባቡ መያዝ፣ ከመልቀቅ በፊት ማስታወቅ። አንዱንም ሳትዘል መለሰችላቸው። የማይገባቸውን ሁለቴ ያስደግሙናል። እንዲህ እንዲህ እያልን ከሰዓቱ አለቀ።

«ይህን አንቺም ትፈርሚያለሽ?» አሏት በመጨረሻ።

«እፈርማለሁ፣ እማማ።»

«በምን?»

«በእስክሪብቶ ነዋ።»

«አየሽ። አንቺ በእስክሪብቶ፣ እኔ በጣት። ሁልጊዜ የሚያውቀው በእስክሪብቶ የፈረመው ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እንግዲያው እኔም በጣቴ።»

 እማማ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ ቤት አመሩ። በር ላይ ዞር ብለው «ወረዳው ስንት ሰዓት ነው የሚከፍተው?» አሉኝ።

በጣት መፈረም ማንበብ ለሚችል ሰው ይፈቀድ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም። ክላሰሩን ከዳር እስከ ዳር አየሁት፤ ስለዚህ ምንም አይልም። ወረዳ ስንቀርብ የፈራሁት ደረሰ።

«አንቺ መጻፍ አትችይም?» አላት ጸሐፊው።

«እችላለሁ።»

«ታዲያ ፈርሚ።»

«በጣቴ ነው የምፈርመው።»

ጸሐፊው ክላሰር የታቀፍኩትን እኔን አየኝ። «የሚከለክል አንቀጽ የለም» አልኩ። 

«አንቺ ማን ነሽ?»

«ፍሬሽማን ነኝ።» 

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጸሐፊውም ሳቁን እየያዘ የቀለሙን ሳጥን ገፋልን። መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ አሳረፈች። እማማ ጎንበስ ብለው አሻራዋን ካዩ በኋላ የራሳቸውን አጠገቡ አሳረፉ፤ አጥብቀው ተጭነው፣ ቶሎ ሳያነሱ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁለቱም ቀለሙ ልብሳቸውን እንዳይነካ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ከፍታ መጥረጊያ ፈለገች። ያገኘችው ስልኳን የጻፈችባቸውን ቁራጭ ወረቀቶች ነው። በአንዱ የእማማን ጣት ጠረገች፣ በሌላው የራሷን፤ የቀሩትን ጨምድዳ መለሰቻቸው። ቀለሙ ብዙም አለቀቀም።

ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበል ጣታቸውን አየ። «እማማ፣ ዛሬ ምርጫ አለ እንዴ?»

«አለ» አሉ እማማ። «እኔ መርጬ መጣሁ።» ወደ ልብስ ሰፊዋ በጣታቸው ጠቆሙ። «እሷም መረጠችኝ።»