የቆላው ቅል ገሳይ ሲገባ

ትናንት እማዬ ለጎረቤታችን እርጎ ስትቀዳ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ወደ በረት ሮጥኩ... ነገሩን ስሙኝና ፍረዱ።

ወንድሜ ከእብናት ቆላ ሚስት አገባና ጫጉላው ሳያልቅ ደብረ ታቦር ከንጉሡ ሰፈር ሄደ። ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት የወተት ቅል ይዛ መጥታለች። የኛ አገር ገሳይ ደግሞ ደጋ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በእማዬ ቅል ያደረ ወተት ሲረጋ፣ በሙሽራዋ ቅል ያደረው ሳይረጋ እንደታለበ ይገኛል።

ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ ቅሉን አሽተቱና «ወተት ካልረጋ ዓይን አለበት። የዚች ልጅ ዘር ይጠየቅ» አሉ። ቡዳ ናት ማለታቸው ነው። እማዬም በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ላባቷ ልትመልሳት ቆረጠች። ቡዳ ተብላ የተመለሰችን ሴት ማን ያገባታል? ሙሽራዋ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች።

እኔ ዳዊት ሳልደግም ከየኔታ ዘንድ የተባረርኩ ብሆንም በተንኮል የሚቀድመኝ የለም። ሁለቱ ቅሎች መንትያ ይመስላሉ፤ የሚለዩት በማንገቻቸው ብቻ ነው፣ የእማዬ ቀይ ጠፍር፣ የሙሽራዋ ጥቁር። ላሞቹ ሳይታለቡ ማንገቻዎቹን አቀያየርኳቸው።

ጠዋት ሙሽራዋ ሳትሸኝ ቅሎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሊታዩ፣ እትዬ ስንዱ ምስክር ሆነው ተቀመጡ። ጥቁር ማንገቻ ያለው ሲገለበጥ... እርጎው ጓል ነው። ቀይ ማንገቻ ያለው ሲገለበጥ... ወተቱ ተንዠቀዠቀ። እትዬ ስንዱ ቀስ ብለው ከእማዬ ራቅ አሉ።

«ብርዱ ነው» አለች እማዬ ፈጠን ብላ።

«አንቺንስ ለማን እንመልስሽ?» አልኳት።

«ዝም በል። ቅልም እንደ ሰው ይበርደዋል።»

እማዬን የበረዳት ብርድ ሙሽራዋን አይምርምና፣ ልጅቷ ቀረች።

እማዬ እልህ ይዟት ባለቀይ ማንገቻውን ሳታጥብ በላይ በላዩ ወተት ትሞላው ጀመር። መጀመሪያ ቀጠነ... ከዚያ ወፈር አለ... አሁን ከጎረቤት ቅል ሁሉ ቀድሞ ያረጋል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ አገር የለመደው ቅሉ አይደለም፤ ከውስጡ ተጣብቆ የሚኖረው፣ ዓይን የማያየው እርሾ ነው።

ትናንት ታዲያ እማዬ ለእትዬ ስንዱ እየቀዳች «እንዲህ የሚያረጋ ቅል ከኔ ቤት በቀር የት አለ?» ትላለች። ሙሽራዋ ቀመስ አደረገችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ባወጣችልኝ ስም «አያ ጉዴ፣ የእናቴ ቤት እርጎ ይጠፋኛል?» አለችኝ።

ማንገቻዎቹ ዛሬም እንደተቀያየሩ ናቸው። ማን ጠየቀኝና ልመልስ?