የሳሙኤል አሥራ ሁለት ሳጥን

ባለፈው ሳምንት አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ። ለሥራ ነው ብዬ ለባለቤቴ የነገርኳት ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ በዚህ ዕድሜዬ ሙዚቃ እንደገና ልሞክር ማሰቤ ነው። ቅዳሜ ዕለት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ቁጭ ብዬ የከበሮ ፕሮግራም መምረጥ ጀመርኩ። አንዱ የዓለምን ከበሮ ሁሉ ይዣለሁ ይላል። ሌላው ለሁለት ሳምንት በነፃ ሞክረኝ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ አዝራሩ ከመብዛቱ የተነሳ የት እንደሚነካ አይታወቅም። እኔ ግን የአንዳቸውንም ድምፅ ሳልሰማ ቀድሜ የማየው አንድ ነገር እንደሆነ አስተዋልኩ፤ የምቱ ሳጥኖች ቁጥር ይቀየራል ወይስ አይቀየርም? ይህ ጥያቄ የኔ አይደለም፣ የሳሙኤል ነው። ስሙ ትዝ ሲለኝ ያችው የድሮዋ ቅናት ደረቴ ላይ ቆንጠጥ አደረገችኝ። ከሃያ ዓመት በኋላ! ሰው ወደ አርባ ሲቃረብ እንኳ አያፍርም።

ሳሙኤል የመካኒሳ ጓደኛዬ ነበር። ሁለታችንም ሃያ ዓመት አልሞላንም። ታላቅ ወንድሜ መሥሪያ ቤቱ ሲያድስ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር አምጥቶልኝ ስለነበር በሰፈሩ ኮምፒውተር ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ልክ እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አልብሳው ነበር፤ ስንከፍተው ዳንቴሉን አጥፈን ሶፋው ላይ እናስቀምጣለን። ሳሙኤል ከእናቱ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው የሚኖረው፤ ኮምፒውተር ቀርቶ ቴፕ እንኳ የለውም። ነገር ግን ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መቺ ነበርና እጁ ዝም አይልም። ታክሲ ስንጠብቅ ጉልበቱን፣ ሱቅ ስንቆም ባንኮኒውን ይመታል። እሱ ሲመታ ባለሱቁ ሳይታወቀው አንገቱን ይነቀንቃል። እኔ ስድስት ወር ኪቦርድ ተምሬ የማንንም አንገት አንቀሳቅሼ አላውቅም። ይሄ ነበር የሚያንገበግበኝ።

የገና ጾም ላይ መስከረም መጣች። መስከረም ጎረቤታችን ናት፤ ድምፅዋ ሲወጣ ሰው በየበሩ የሚቆምላት ልጅ። አንድ ሙዚቃ ቤት ያለው ሰውዬ ሊሰማት ፈቅዶ ነበር፤ ቀጠሮዋም በጥር፣ ከወንድሟ ሰርግ በኋላ ባለው ሐሙስ ነው። ሰውዬው ግን የኦርጋን ከበሮ ሰልችቶታል፣ ኮምፒውተር የሠራው አምጪ ብሏታል። ስለዚህ የዘፈኗ ነገር በኛ በሁለታችን እጅ ወደቀ። እኔ መስከረምን እወዳት ነበር። ለማንም ባልናገርም ማንም ያውቀው ነበር።

ኮፒ ሲዲ ከሚሸጥ ሱቅ አንድ የከበሮ ፕሮግራም ገዝተን ጫንን። ጥቁርና ብርቱካናማ፣ መብራቱ ቦግ እልም የሚል፣ እንዲያው ለዓይን ነፍስ የሆነ ነገር ነበር። በሁለተኛው ቀን ሳሙኤል አንድ ፍሎፒና በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ፓስቲ ይዞ መጣ። ፍሎፒው ውስጥ የነበረው ፕሮግራም ግራጫ ነው፤ መብራት የለው፣ ሥዕል የለው፣ የግብር ፎርም ይመስላል።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ፋራ ነገር ነው?» አልኩት።

«አብርሽ፣ መልኩን ተወው። ሳጥኑን ቁጠር።»

የከበሮ ፕሮግራም በአጭሩ የተደረደሩ ሳጥኖች ማለት ነው። ከበሮው እንዲመታ የምትፈልግበትን ሳጥን ትነካለህ፤ ማሽኑ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ የተነካውን ይመታል፣ ሲጨርስ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የኔው ቆንጆ ሳጥኖቹ አሥራ ስድስት ናቸው፣ አይጨምርም አይቀንስም። የሳሙኤል ግራጫ ግን ስንት ትፈልጋለህ ብሎ ይጠይቃል።

«ችክችካ በስድስት ነው የሚቆጠረው» አለ ሳሙኤል በቅባት ጣቱ ጉልበቱን እየመታ። «አሥራ ስድስት ለስድስት እኩል አይካፈልም። አሥራ ሁለት ይካፈላል። ያንተን የሠሩት ሰዎች የኛን ጭፈራ አያውቁትም፣ ምን ያድርጉ?»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የገባኝም ከሱ አፍ ስለሆነ አልቀበልም አልኩ። ኮምፒውተር ከሌለው ልጅ ስለ ኮምፒውተር መማር አቃተኝ። በመጨረሻ መስከረም አስታረቀችን፤ ሁለታችንም በየፕሮግራማችን እንሥራ፣ ሁለቱም ሰርጉ ላይ ይሞከሩ፣ ሰው የጨፈረበትን ይዛ ትሄዳለች። እሱ እኔ ኮሌጅ ስሄድ ከሰዓት ይሠራል፣ እኔ ስመለስ እቀጥላለሁ። እኔ አሥራ ሁለቱን ሳጥን በችክችካ ሞላሁና የተረፉትን አራቱን ምን እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። ባዶ ስተዋቸው ከበሮው በየዙሩ ቆም ይላል። ክፍተቱን በሲምባል ሸፈንኩትና ዘመናዊ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

የሰርጉ ዕለት ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልለን፣ እሱ ሳጥኑን እኔ ስክሪኑን ተሸክመን አቧራማውን መንገድ አቋርጠን ድንኳኑ ደረስን። ፀሐዩ ሸራውን አልፎ ይጠብሳል፤ ድንኳኑ የቅቤና የቄጤማ ሽታ ሞልቶታል። የኔ ቀድሞ ተከፈተ። መስከረም መዝፈን ጀመረች፣ ሰው ተነሣ፣ ትከሻ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዙሩ ሲያልቅ ትከሻው ሁሉ አየር ላይ ቀረ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ቀረ። የሙሽራው አክስት እትዬ በላይነሽ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

«ምነው ልጆቼ፣ ከበሮውን አሞታል እንዴ?»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ጆሮዬ ግን እስከ ጫፉ ጋለ። ሳሙኤል ሳይስቅ የራሱን ከፈተ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ዛሬም ያስቸግረኛል። ወንበር ላይ የቀረ ሰው አልነበረም። ምግብ የሚያቀርቡት ሴቶች ትሪያቸውን አስቀምጠው ገቡ። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መሐሉን ያዙ። መስከረምም ማይክሮፎኑን ይዛ ስትዘፍን ዓይኗ ከሳሙኤል ላይ አልተነሣም። ምነው እግዜር እጁን ባሰረው ብዬ ተመኘሁ። በኔ ኮምፒውተር፣ በኔ ቤት መብራት፣ እናቴ ባቀረበችለት ሽሮ ሠርቶት!

ማክሰኞ ካሴት ላይ ልንቀዳው ተቀጣጠርን። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮሌጅ አልሄድኩም። ቤት ማንም አልነበረም። ዳንቴሉን አጠፍኩ፣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፣ የሳሙኤልን ሥራ ከነፕሮግራሙ አጠፋሁት። የኮምፒውተሩን የቆሻሻ ቅርጫትም ባዶ አደረግሁ። ከዚያ ዳንቴሉን መልሼ እጥፋቱን አስተካከልኩ።

«ቫይረስ በላው» አልኩት ሲመጣ። በዚያ ዘመን ለጠፋ ነገር ሁሉ የምንሰጠው መልስ ይሄ ነበርና ማንም አይጠይቅም።

ሳሙኤል ፊቱ ተለወጠ። «ያንተስ?» አለኝ።

«የኔ ተርፏል።»

«ተመስገን! ቢያንስ ያንተ ተረፈ» አለ።

እንደገና ልሥራው ሲለኝ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ይታከም አልኩት። ረቡዕ ዕለት ከመርካቶ በእግሩ መጥቶ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ የቫይረስ ማጥፊያ ያለበት ፍሎፒ አስረከበኝ። «እንዳይብስበት ቶሎ ጫነው» አለኝ። ፍሎፒውን ተቀብዬ፣ እስኪታከም ሌሊቱን ይፈጃል ብዬ ሸኘሁት። የሚያስቀው ደግሞ በዚያች ደቂቃም መቅናቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ልብ ከየት አመጣ ብዬ።

ሐሙስ መስከረም የኔን ካሴት ይዛ ሄደች። ሌላ አልነበራትም። ስትመለስ በራችን ላይ አገኘኋት። ሰውዬው ገና ሳታጋምሰው አጥፍቶት፣ ድምፅሽ ድንቅ ነው፣ ይህን ከበሮ የሠራልሽ ሰው ግን መጨፈር የሚባል አያውቅም ብሏታል። ሌላ ላምጣ ስትለው ዕድሉ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል ብሏታል። አላለቀሰችም፣ አልወቀሰችኝም። «የሳሚ ቢተርፍ ኖሮ…» አለችና ገባች። በዓመቱ ትዳር ይዛ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደች፤ ስትዘፍን የሰማ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ሳሙኤል ዛሬ ለቡ ውስጥ በርና መስኮት ይበይዳል። በዓል ሲመጣ በስልክ እንኳን አደረሰህ እንባባላለን፤ ከዚያ አያልፍም። ያን ቅዳሜ ግን ዝናቡ ሲያባራ ላፕቶፑን ዘጋሁና ታክሲ ይዤ ሄድኩ። የመበየጃ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳመኝ። ወፍሯል፣ ሸብቷል፣ ሳቁ ያው ነው። ሻይ ታዘዘ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ስለ ብረት ዋጋ ጠየቅሁት። በሦስተኛው አልኩት።

«ሳሚ፣ ያኔ የመስከረምን ዘፈን ቫይረስ አልበላውም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ቀንቼብህ ነው።»

ግንባሩን ቋጠረ። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ይቆጣ ብዬም ጸለይኩ።

«የቱ ዘፈን?» አለኝ።

ነገርኩት። ሰርጉን አስታወስኩት፣ ግራጫውን ፕሮግራም፣ ፍሎፒውን። ራሱን ነቀነቀ። «ሰርጉ ትዝ ይለኛል… ፕሮግራሙን እንጃ። እኔ የማልረሳው የእናንተ ግቢ ኮክ ዛፍ ነው። እናትህ የወደቀውን ሁሉ ለእናቴ እንድወስድላት በፌስታል ይሰጡኝ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር። አቤት ደግ ሰው!» አለና ሻዬን እንዳይበርድብህ ብሎ ወደኔ ገፋው።

ስመለስ ታክሲው ውስጥ መስኮቱ ዳር ተቀመጥኩ። መንገዱ ጭቃ ነበርና ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ይቅር ተባልኩ ማለት አልችልም፤ ያላስታወሰውን በደል እንዴት ይቅር ይበል? መስከረም ብቻ ናት ይቅር ልትለኝ የምትችለው፤ የት እንዳለችም አላውቅም። እኔ ያን የሰኞ ከሰዓት ሃያ ዓመት ሙሉ ስሸከመው ሳሙኤል ገና ያኔ ጥሎት ሄዷል። እንቅልፉን ተኝቷል፣ ልጆቹን አሳድጓል፣ ከቤታችን ኮኩን ብቻ ይዞ ወጥቷል። ይህን ሳስብ ልቤ ያርፋል ብዬ ነበር። አላረፈም፤ ቀናሁበት።