ክር የሌለው ጨርቅ

ሁሉም እማማ የሚሏቸው አሮጊት ሰኞ ሰኞ ባዶ ማዳበሪያ ይዘው ጸጉር ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ። አስተካካዩ ከወለሉ የጠረገውን ጸጉር ሲሞላላቸው ደንበኞቹ «ለመተት ነው» እየተባባሉ ይጠቃቀሳሉ። እሱ ግን የእማማን እጅ አይቷል፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና ልጦታል።

ዛሬ ከጉያቸው መሀረብ የምታህል ጥቁር ጨርቅ አወጡ። ጸጉሩን ከአሮጌ ፍራሽ ጥጥ ጋር በሙቅ ውሃና በሳሙና አሽተውና ጠቅጥቀው የሠሯት ናት።

«እስቲ ተርትራት ልጄ። በጥፍርህ፣ ሳትሳሳ።»

ጫፏን ቆንጥጦ ሳብ ቢያደርጋት እንደ እርጥብ ወረቀት እጁ ላይ ብጥስጥስ አለች።

«ውይ፣ ይቅርታ እማማ! ለምን ነበር የፈለጓት?»

«ለባለቤቴ ነዋ። ልብስ ሰፊ ነበር። አእምሮው ከከዳው ወዲህ ግን ክር ካገኘ እጁ አያርፍም። ሸሚዙንም ብርድ ልብሱንም ተርትሮ ይጨርስና ራቁቱን ይንቀጠቀጣል። ክር የሌለው ልብስ ባገኝለት ብዬ ነው።»

ብጥስጣሹን አንድ በአንድ ለቅመው ወደ ማዳበሪያው መለሱ። «ከባለፈው ትሻላለች። ያቺኛዋ ገና ስነካት ነው የተበተነችው» አሉ።

አስተካካዩ ሊያሸክማቸው ጎንበስ ሲል ሹራባቸውን ልብ አለ። ግራ እጅጌው እስከ ክርናቸው የለም። እስከ ዛሬ እርጅና የበላው ይመስለው ነበር።