የእማሆይ ወለተ ሩፋኤል የሕይወት ታሪክ

መምህር ይትባረክን የሞተ ሰው ሁሉ ይወደዋል። በሕይወት ያለው አንባቢ ግን ፊቱን ካዞረበት ቆይቷል። አንድ የግጥም መድበል አሳትሞ ነበር፤ የገዙትም «ፈተና ላይ ይመጣ ይሆናል» ብለው የሰጉ ተማሪዎቹ ናቸው። የተረፈውን ከአልጋው ሥር አይጥ እያነበበው ነው።

በባሕር ዳሩ ዓባይ ማዶ ሰፈር ግን ያለ ይትባረክ ማንም አይቀበርም። ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ወደ ጉድጓዱ ከመውረዱ በፊት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የሟቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል፤ የሚጽፈውም የሚያነበውም እሱ ነው። አዳራሽ ሞልቶለት የማያውቀውን ደራሲ እዚያ አራት መቶ ሰው ጸጥ ብሎ ያዳምጠዋል። በእሱ ብዕር ሰካራሙ «ተጫዋች»፣ ተሳዳቢው «ግልጽ»፣ ቋጣሪው «ቁጥብ» ሆኖ አፈር ይቀምሳል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? አንገት በማስረዘም ይትባረክን የሚስተካከለው አልተገኘም።

ባለፈው ጥቅምት እማሆይ ወለተ ሩፋኤል አስጠሩት። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው፣ ከልጃቸው ግቢ በአንዲት ክፍል የሚኖሩ፣ ዳዊት ሲደግሙ እንጂ ሲያወሩ የማይሰሙ አሮጊት ናቸው።

«እስክሞት አትጠብቅ፤ የኔን አሁን ጻፈው» አሉት። «እንግዳ ተቀባይ፣ ምግባረ ሠናይ ምናምን ብለህ በሬሳዬ ላይ እንዳትዋሽብኝ።»

«ታዲያ ምን ልበል እማሆይ?»

«ጎርጎራ እናቴ ስትሞት ከወንድሜ ከአስናቀ በመሬት ተኳርፈን ነበር። እሱ ለሥራ መተማ ወርዷል። መርዶ አልላክሁበትም። ለቀስተኛው ሲጠይቀኝ፣ ‹ልኬበት አልመጣም አለ› አልሁ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ‹እናቱን ያልቀበረ› እየተባለ ይኖራል። ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ‹ለሱም ለሰዉም ንገሪ› ብለውኛል። ስንት ጊዜ ልሄድ ተነሣሁ፤ እግሬም አፌም እምቢ አለኝ። በቀብሬ ላይ አንብበው። እሱም ይመጣል፣ የጎርጎራ ዘመድም ይመጣል። እሱ ቀና ብሎ ይሂድ።»

ይትባረክ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ደለዘ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ውሸት የሌለበት ገጽ ወጣው፤ ደግሞ ሲያምር! ሲያነብላቸው እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣ «እንግዲህ መሞት እችላለሁ» አሉ። ቃላቸውንም ጠብቀው በገና ማግስት ዐረፉ።

የቀብሩ ጧት የበኩር ልጃቸው ብሥራት ወረቀቱን ተቀብሎ ሲያነብ ፊቱ ተለዋወጠ። የመሥሪያ ቤቱ አለቆች በሙሉ ለለቅሶ መጥተዋል።

«መምህር፣ እናቴን በአስከሬኗ ላይ ሊያዋርዷት ነው?»

«አደራ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።»

«አሮጊት ስትዳከም ብዙ ትላለች። እባክዎ የተለመደውን ያንብቡ።»

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ይትባረክን ያሸነፈው የብሥራት ልመና ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ነጠላ ባጣፋ ለቀስተኛ ፊት አንዴ ተነቦ ሊቀር ነው የሚል ሐሳብም ካደረበት ሰንብቷል። ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

አስናቀ ከጎርጎራ ጎንደር፣ ከጎንደር ባሕር ዳር በመኪና ተንገላትተው ደረሱ። ሲገቡ ከሴቶቹ በኩል፣ «ለእናቱ ያልመጣ ለእህቱ መጣ!» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። ሽማግሌው ሰምተዋል፤ ግን የለመዱት ነገር ነው።

ይትባረክም አነበበ። «እማሆይ ከዘመድ ከወዳጅ ተፋቅረው፣ ማንንም ሳያስቀይሙ...» ሕዝቡ አለቀሰ። አስናቀ በትራቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻዋ ቃል አዳመጡ። ከዚያ ጠጋ አሉት።

«ልጄ፣ ስለኔ የተናገረችው ነገር የለም?»

የይትባረክ እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሄዶ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ሐሳቡን ለወጠና የሽማግሌውን ትከሻ ዳበሰ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎ» አላቸው።

በየካቲት በከተማው የሥነ ጽሑፍ ምሽት ተዘጋጀ። ምሽት ይባላል እንጂ የሚጀመረው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ይትባረክ የእማሆይን ስም ለወጠ፤ ጎርጎራንም «አንዲት የሐይቅ ዳር መንደር» አላትና ገጹን አነበበው። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት። አንድ ሐያሲ ስለ ኑዛዜና ስለ ጥበብ ጥልቀት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ በንግግሩም ይትባረክን ሦስት ጊዜ «ደራሲያችን» አለው። ምን ይደበቃል፣ ደስ አለው። ሃያ ዓመት የጠበቃት ቃል ናት።

የጥያቄው ሰዓት ሲደርስ ሀኒ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ከኋላ ተነሣች።

«ጽሑፉ በጣም ነክቶኛል» አለች። «ወንድማቸው ግን በመጨረሻ ሰሙት?»

ይትባረክ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። «እሱ እንግዲህ ለአንባቢ የተተወ ነው።»

አዳራሹ እንደገና በጭብጨባ ተናጋ። ሀኒ ጭብጨባው እስኪበርድ ቆማ ጠበቀች።

«እንግዲያው አልሰሙም ማለት ነው» ብላ ተቀመጠች።